የ2024 የምንወዳቸው ጌሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋጋዎቹ ጌሞቹ በወጡበት ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የተሸጡባቸው ናቸው፤ ቅናሽ በሚኖርበት ወቅት አብዛኞቹ ከዚህ በጣም ይወርዳሉ።

ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት የትኞቹ ናቸው?

ስድስት ናቸው፤ አንደኛ ባላትሮ፣ ሁለተኛ አኒማል ዌል፣ ሦስተኛ ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ዘ ሎስት ክራውን፣ አራተኛ የኤልደን ሪንግ ተጨማሪ ክፍል የሆነው ሻዶው ኦፍ ዘ ኤርድትሪ፣ አምስተኛ ዩኤፍኦ 50፣ ስድስተኛ አስትሮ ቦት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በዋናነት የአንድ የአንድ ሰው ሥራ ናቸው። ለአነስተኛ ሠሪዎች አዝነን ወደ ላይ አላወጣናቸውም፤ ካለቁ በኋላም እጅ ተመልሶ የሚከፍታቸው እነሱ ናቸው።

የዓመቱን ሽልማት የወሰደው አስትሮ ቦት አይደለም እንዴ? ለምን መጨረሻ ላይ አስቀመጣችሁት?

ዲሴምበር 12 በተካሄደው የዘ ጌም አዋርድስ ሥነ ሥርዓት የዓመቱ ምርጥ ጌም ተብሏል፤ አይበዛበትም። ሴፕቴምበር 6 ወጣ፣ ሠሪው ቲም አሶቢ ነው፣ ዋጋው 60 ዶላር። የሚሠራው ግን ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ብቻ ነው። ሮቦቱ አሸዋ ላይ ሲራመድና ብረት ላይ ሲራመድ ጆይስቲኩ መዳፋችሁ ላይ የሚነዝረው ለየብቻ ነው፤ ደስታው ግማሹ እዚያ ውስጥ አለ። ኮንሶሉ ካላችሁ ዝርዝሩን ገልብጣችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ባላትሮ የካርታ ጌም ነው ሲሉ ሰማሁ። ፖከር አላውቅም፤ ይከብደኛል?

አይከብድም። ከፖከር የሚፈለገው ጥንድ፣ ሦስት ተመሳሳይ፣ ተከታታይ አምስት ካርታ (ስትሬት)፣ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው አምስት ካርታዎች (ፍላሽ) የሚባሉትን መለየት ብቻ ነው፤ ዝርዝሩም ስክሪኑ ላይ በማንኛውም ሰዓት ይከፈታል። ተቃራኒ ተጫዋች የለም፣ ማስያዝ የለም፣ ፊት ማንበብ የለም። ጌሙ “ይህን ያህል ነጥብ ሙላ” ይላል፣ እናንተ ትሞላላችሁ።

እጃችሁ ላይ 8 ካርታ አለ። በአንድ ጊዜ እስከ 5 ድረስ መጫወት ወይም መጣል ይቻላል። በመደበኛው ሕግ 4 ጊዜ መጫወትና 3 ጊዜ መጣል ተፈቅዷል፤ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ ቀዩ ዴክ (የካርታ ጥቅል) ደግሞ አንድ መጣያ ይጨምራል። እያንዳንዱ ደረጃ (አንቴ ይባላል) ሦስት ዙር አለው፤ ትንሹ፣ ትልቁና ቦሱ። ስምንተኛውን አንቴ ያለፈ አሸነፈ።

ነጥቡ እንዴት ነው የሚሰላው? በምሳሌ አሳዩኝ።

ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ በግራ ሰማያዊው ቺፕስ፣ በቀኝ ቀዩ ማባዣ። ነጥባችሁ የሁለቱ ብዜት ነው።

የመጀመሪያው ዙር 300 ነጥብ ይጠይቃል። የልብ ምልክት ያላቸውን አስ፣ ንጉሥ፣ 9፣ 6 እና 2 ተጫወታችሁ እንበል። ፍላሽ ነው፤ በራሱ 35 ቺፕስና 4 ማባዣ ይሰጣል። ካርታዎቹ በዋጋቸው ይጨመራሉ፤ አስ 11፣ ንጉሥ 10 (ንግሥትና ጃክም 10 ናቸው)፣ ሌሎቹ በቁጥራቸው፣ ድምር 38። 35 ሲደመር 38፣ 73፤ በ4 ሲባዛ 292። ስምንት ነጥብ ጎደለ! አሁን አንድ ተራ ጆከር (ጆከር ከጌሙ ሱቅ የሚገዛ ረዳት ካርድ ነው)፣ ማባዣ ላይ 4 የሚጨምረው፣ ቢኖራችሁ 73 በ8 ይባዛና 584 ይሆናል። ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ከካርታው ይልቅ ጆከሩ ነው የሚሠራላችሁ። በጌሙ ውስጥ 150 ጆከሮች አሉ፤ በአንድ ጊዜ መያዝ የሚቻለው 5 ነው።

ብዙ ጀማሪ የሚስተው ነገር አለ፤ ነጥብ የሚያስገኙት ቅርጹን የሠሩት ካርታዎች ብቻ ናቸው። ሁለት 9ኞችን ከሦስት የማይገናኙ ካርታዎች ጋር ብትጫወቱ የሦስቱ ዋጋ አይደመርም። ቢሆንም አብራችሁ ልቀቋቸው፤ በምትካቸው አዲስ ካርታ ይመጣል፣ መጣያችሁም አይቀነስም። ነፃ መጣያ ማለት ነው።

ጆከር ሞልቶልኝ አንቴ 4 ወይም 5 ላይ ሁልጊዜ እወድቃለሁ። ምንድን ነው የማጠፋው?

ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስቱም ናቸው።

የመጀመሪያው ቅደም ተከተል ነው። ጆከሮች ከግራ ወደ ቀኝ ይሰላሉ። ማባዣን በ2 የሚያባዛው ዘ ትራይብ (ፍላሽ ስትጫወቱ ይሠራል) እና 4 የሚጨምረው ተራ ጆከር አሉ እንበል። ተራው በግራ ሲሆን 4 ሲደመር 4፣ 8፤ በ2 ሲባዛ 16፤ ከላይ ያለው እጅ 1,168 ያመጣል። ቦታ ብታለዋውጧቸው 4 በ2፣ 8፤ ሲደመር 4፣ 12፤ ነጥቡ 876 ላይ ይቀራል። የሚደምሩትን በግራ፣ የሚያባዙትን በቀኝ አድርጉ። ጎትቶ ማንቀሳቀስ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ዙሩ ሲያልቅ በእጃችሁ ላለው ለእያንዳንዱ 5 ዶላር 1 ዶላር ወለድ ይከፈላል፤ ጣሪያው 5 ዶላር ነው። ስለዚህ 25 ዶላር እስክትደርሱ ቆጥቡ፣ ከዚያ በላይ ያለውን አውጡ። ሱቁን ለማደስ (የቀረቡትን ካርዶች በሌላ ለመቀየር) መጀመሪያ 5 ዶላር ይጠየቃል፣ በዚያው ሱቅ ውስጥ በደገማችሁ ቁጥር አንድ አንድ ይጨምራል። አንቴ 1 ላይ ሦስት ጊዜ የሚያድስ ሰው ወለዱን ገና ሳያየው በልቶታል። ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ያለ ምንም ጆከር ለማለፍ መሞከርም ንፉግነት ነው፤ አንድ ጥሩ ጆከር ሳትገዙ መቆጠብ አትጀምሩ።

ሦስተኛው የሚጠየቀው ነጥብ እንዴት እንደሚያድግ አለማየት ነው። የየአንቴው መነሻ 300፣ 800፣ 2,000፣ 5,000፣ 11,000፣ 20,000፣ 35,000፣ 50,000 ነው፤ ትልቁ ዙር የመነሻውን አንድ ተኩል፣ ቦሱ አብዛኛውን ጊዜ እጥፉን ይጠይቃል። ማለትም የመጨረሻው ቦስ አብዛኛውን ጊዜ 100,000 ነው። 4፣ 4 እየደመሩ እዚያ አይደረስም። አንቴ 4 ላይ ስትደርሱ ቢያንስ አንድ የሚያባዛ ወይም በየዙሩ ራሱ እያደገ የሚሄድ ጆከር ከሌላችሁ ቁጠባውን ትታችሁ ፈልጉ። አንድ ዓይነት እጅ መርጣችሁም የሱን ፕላኔት ካርድ ግዙ፤ ለምሳሌ ጁፒተር ፍላሽን በየጊዜው በ15 ቺፕስና በ2 ማባዣ ያሳድጋል።

ቦሱ ምን እንደሚከለክል ከአንቴው መጀመሪያ ጀምሮ ተጽፎ ይታያል። ዘ ሄድ ልብን ሁሉ ያመክናል፣ ዘ ኒድል አንድ ጊዜ ብቻ ያጫውታል፣ ዘ አይ አንድን ዓይነት እጅ መድገም ይከለክላል። በልብ ፍላሽ ብቻ የሚኖር ሰው ዘ ሄድ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ቀድሞ ማሰብ አለበት።

ልጄ ቀኑን ሙሉ ባላትሮ ላይ ነው። ቁማር ነው?

አይደለም። እውነተኛ ገንዘብ አይገባም፣ አይወጣም፤ ጌሙ ውስጥ የሚሸጥ ተጨማሪ ነገር የለም። ጌሙን አንዴ ትገዛላችሁ (ኮምፒውተር ላይ 15 ዶላር፣ ከሴፕቴምበር 26 ጀምሮ ስልክ ላይ 10 ዶላር)፣ አበቃ። ጥርጣሬው ግን የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የአውሮፓው የዕድሜ መዳቢ ፔጊ በካርታው ምክንያት 18 ብሎት ነበር፣ ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ወደ 12 አውርዶታል። የሚያሳስበው ሌላው ነገር ነው፤ “አንድ ዙር ብቻ” የሚለው ዙር ሌሊት 8 ሰዓት ላይም አያልቅም። የሰዓት ገደብ አድርጉለት።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው፣ ግራፊክስ ካርድም የለውም። ከስድስቱ የትኛው ይሠራል?

ባላትሮ፣ አኒማል ዌልና ዩኤፍኦ 50 ያለ ችግር ይሠራሉ። ባላትሮ ከተንተባተበ ሴቲንግ ውስጥ ግራፊክስን ከፍታችሁ የድሮ ቴሌቪዥን የሚያስመስለውን የሲአርቲ መስመርና ጥላውን አጥፉ፤ ፍጥነቱንም ወደ 4 ከፍ አድርጉት፣ ካርታ ሲቆጠር ከመጠበቅ ትገላገላላችሁ።

ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ 8 ጊጋ ራም፣ መካከለኛ ግራፊክስ ካርድና 30 ጊጋ ገደማ ቦታ ይፈልጋል። ኤልደን ሪንግ 12 ጊጋ ራም፣ ቢያንስ ጂቲኤክስ 1060 ግራፊክስ ካርድና 60 ጊጋ ቦታ ይላል፤ 8 ጊጋ ላይ ቢከፈትም አዲስ አካባቢ በገባችሁ ቁጥር ይቆማል፣ ቦስ (ከባዱ ዋና ጠላት) ፊት ደግሞ ግማሽ ሰከንድ መቆም ሞት ነው።

ከተጠራጠራችሁ ስቲም (የኮምፒውተር ጌሞች የኢንተርኔት መደብር) ላይ ገዝታችሁ ሞክሩት። በ14 ቀን ውስጥና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ገንዘባችሁን ይመልሳል። ሁለቱ ሰዓት ሴቲንግ ላይ የምታጠፉትንም ይቆጥራል።

አኒማል ዌል 33 ሜጋባይት ነው የሚባለው እውነት ነው?

ገደማው ያ ነው። በስልክ ዳታ የሚወርድ ጌም ነው፤ አንድ አጭር ቪዲዮ ያህል። ሠሪው ቢሊ ባሶ ሰባት ዓመት ገደማ ሠርቶበታል፣ ሞተሩን (ጌሙን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም) ጭምር ራሱ ነው የጻፈው፤ ሥዕሉ ትንንሽ ነጥቦች ስለሆነና ብርሃኑ፣ ጭሱና ውኃው በስሌት ስለሚፈጠሩ ቦታ አይወስዱም። ሜይ 9 ወጣ፣ ዋጋው 25 ዶላር።

ገባሁበት፣ ግን ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚነግረኝ የለም።

አይነግርም። መሣሪያም ጠላት መግደያም የለውም። መጀመሪያ የምትሹት አራት ነበልባል ነው፤ በየአቅጣጫው ተበታትነዋል፣ በፈለጋችሁት ቅደም ተከተል ሰብስባችሁ መሃል ላይ ትመልሷቸዋላችሁ። ከ6 እስከ 10 ሰዓት ይፈጃል። ሴቭ የሚደረገው ስልክ ባለበት ቦታ ብቻ ነው፤ ስልክ ካያችሁ አትለፉት።

ብዙ ሰው የሚቆመው ዕቃዎቹን በአንድ መንገድ ብቻ ስለሚጠቀም ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ያልተነገረ ሁለተኛ ሙያ አለው። አረፋ የሚነፋው ዘንግ ለምሳሌ መዝለያውን ተጭናችሁ ከያዛችሁ አረፋው ላይ ያነጥራችኋል፤ የሚወረወረውን ዲስክ ራሱን ዘላችሁ ትሳፈሩበታላችሁ፤ ርችቱ መናፍስትን ያባርራል። አንድ ክፍል ውስጥ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆማችሁ ዕቃው ገና የላችሁም ማለት ነውና ውጡ። ማፑ ላይ ማኅተምና እርሳስ ስታገኙ “እዚህ ልመለስ” የምትሉበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ፤ ያለዚያ መመለሻው ይጠፋችኋል።

ጽሑፉ መጥቶ “አለቀ” ሲል ገና አላለቀም። 64 እንቁላሎች ተደብቀዋል፤ ከነሱም በታች አንድ ሰው ብቻውን ሊፈታው የማይችል እንቆቅልሽ አለ፤ ለየተጫዋቹ ከ50 ቁራጭ ሥዕል አንዷን ብቻ ነው የሚሰጠው። እንቁላሎቹን ሳትጨርሱ መፍትሔ አትፈልጉ። እዚህ ጌም ላይ መፍትሔ ማየት የአተር ወጥ ሠርቶ ለጎረቤት እንደ መስጠት ነው፤ የሚቀረው ድስት ማጠብ ነው።

ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ላይ መመከቻውን በሰዓቱ እጫናለሁ፣ ግን እመታለሁ።

የጠላትን ቀለም እዩ። ቀለም የሌለው ምት በተለመደው መንገድ ይመከታል። ቢጫ ካበራ በሰዓቱ ብትመክቱት ልዩ የመልስ ምት ታገኛላችሁ፣ ብትስቱት ብዙ ጉዳት አለው። ቀይ ካበራ መመከት ጨርሶ አይሠራም፤ ማምለጥ ብቻ። እየመከታችሁ የምትመቱት ቀዩን ስለምትመክቱ ነው። አሁንም ካቃታችሁ የራስን የችግር ደረጃ የማበጀት ምርጫ ውስጥ የመመከቻውን ሰዓት ማስፋት ይቻላል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከጌሙ የወደድነው አንድ ነገር፣ ሌሎች ሁሉ ሊሰርቁት የሚገባ፣ ሜሞሪ ሻርድ ነው። ያልደረሳችሁበት ሣጥን ወይም የተዘጋ በር ስታዩ አንድ ቁልፍ ትጫናላችሁ፤ የቦታው ፎቶ ማፑ ላይ ይለጠፋል። ከሦስት ቀን በኋላ “ያ በር የት ነበር?” ማለት ቀረ። ቁጥራቸው የተወሰነ ስለሆነ የፈታችሁትን እያነሳችሁ ለሌላ ተጠቀሙበት። ድምፁን ደግሞ ወደ ፋርስኛ ቀይሩት፤ ታሪኩ የቃፍ ተራራ ላይ ነው፣ ቋንቋውም ያምርበታል።

ሻዶው ኦፍ ዘ ኤርድትሪን ገዛሁ፤ መግቢያው የት ነው?

ዋናው ኤልደን ሪንግ ያስፈልጋል፤ በዚያም ሁለት ቦሶች መሞት አለባቸው፤ ራዳንና ሞግ። ራዳንን የምትገጥሙበት ፌስቲቫል የሚጀምረው አልተስ ፕላቶ ደርሳችሁ ግሬስ (ማረፊያ ቦታ) ላይ ስታርፉ ነው፤ ከዚያ ሬድሜን ቤተ መንግሥት ሂዱ። ወደ ሞግ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ጨዋታው መጨረሻ አካባቢ ኮንሴክሬትድ ስኖውፊልድ ምዕራብ ያለው በደም የተከበበ መግቢያ ነው። ቀድሞ ለመሄድ የፈለገ ቫሬ በሚባለው ገጸ ባሕርይ በኩል ይሂድ፤ እሱ ሦስት ጊዜ ሌሎች ተጫዋቾችን እንድትወሩ ይጠይቃል፣ ኢንተርኔት ከሌላችሁ ግን አልተስ ውስጥ በራይዝብለድ ፍርስራሽ ያለውን ማግነስን መግደል በቂ ነው። ሞግ በሁለተኛው ግማሽ ሦስት ቆጥሮ ደማችሁን ይመጥጣል፤ ጉዳቱን የሚቀንሰው ፒውሪፋይንግ ክሪስታል ቲር ከሁለተኛው የማሪካ ቤተ ክርስቲያን ከምትወርራችሁ ኤሌኖራ ይገኛል። ሞግ ሲሞት ኋላው ካለው ጎጆ የተንጠለጠለውን የደረቀ እጅ ንኩ፤ ገባችሁ።

ሌቨሌ 150 ነው፣ ግን ውስጥ ተራ ወታደር በሁለት ምት ይገድለኛል።

ሌቨል እዚያ ብዙም አይሠራም። የሚሠራው ስካዱትሪ ፍራግመንት ነው። በጠቅላላ 50 አለ፤ ግሬስ ላይ ስታርፉ በነሱ እስከ 20 የሚደርስ በረከት ታሳድጋላችሁ፤ የምታደርሱት ጉዳት ይጨምራል፣ የሚደርስባችሁ ይቀንሳል። ከሚኬላ መስቀሎች ሥር፣ ከማሪካ ሐውልቶች ሥርና ማሰሮ ከተሸከሙ የጥላ ፍጥረታት ታገኟቸዋላችሁ። ጁን 21 ሲወጣ “ከመጠን በላይ ከባድ ነው” ብለው የጮኹት ብዙዎቹ ሁለት ወይም ሦስት በረከት ይዘው ቦስ ፊት የቆሙ ነበሩ። ሜስመር የሚባለው ቦስ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት 8፣ የመጨረሻው ቦስ ጋ 16 እና ከዚያ በላይ ይኑራችሁ። የመጨረሻው ቦስ በእርግጥ ያስከፋል፤ ሠሪዎቹም ሴፕቴምበር ላይ ቀንሰውታል።

ዩኤፍኦ 50 ውስጥ 50 ጌም አለ። ከየቱ ልጀምር?

ከመጀመሪያው አትጀምሩ። ባርቡታ ሆን ተብሎ ደረቅ ነው፤ ብዙ ሰው እሱ ላይ ተስፋ ቆርጦ 49ኙን ሳያይ ይወጣል። ከፓርቲ ሃውስ ጀምሩ፤ 25 ቀን አላችሁ፣ ድግስ እየደገሳችሁ እንግዳ ትገዛላችሁ፣ በአንድ ድግስ አራት ኮከብ እንግዶችን ካገናኛችሁ አሸነፋችሁ። ሦስት ረብሸኛ ከገባ ፖሊስ ይበትነዋል። ሁለት ረብሸኛ ካያችሁ በሩን ዝጉት።

ኳስ ጌምና ብላክ ሚዝ ዉኮንግ ለምን የሉም?

ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ 25 አምስት ለአምስት የሚጫወቱበትን ረሽ የሚባል የጨዋታ ዓይነት ጨምሯል፤ ከዚያ ውጭ ካለፈው ዓመት ያለው ልዩነት ሙሉ ዋጋ አያስከፍልም። ፕሌይስቴሽን ቤት ሄዶ ከጓደኛ ጋር መጫወቱ ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ የዓመቱ ቁጥር ለውጥ የለውም። ዉኮንግ ቦሶቹ ግሩም ናቸው፤ ግን 130 ጊጋ ነው፣ የሚያልፍ የሚመስለው መንገድ ሁሉ ደግሞ በማይታይ ግድግዳ ይዘጋል። ሰባተኛ ቢኖር እሱ ነበር።

መብራት ቢጠፋ ምን ያህል ይጠፋብኛል?

ባላትሮ ላይ ቢበዛ አንድ እጅ፣ ኤልደን ሪንግ ላይ ጥቂት ሰከንድ፣ አኒማል ዌል ላይ ከመጨረሻው ስልክ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ላይም ሴቭ ከምታደርጉበት ከዋክዋክ ዛፍ በኋላ ያለው አብዛኛው። ኢንተርኔት ለሚቆራረጥበት ሰው፤ ጌሙን አንዴ ኢንተርኔት እያለ ክፈቱት፣ ከዚያ ስቲምን ወደ ኦፍላይን ቀይሩት። ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ ከዚህ በተጨማሪ የዩቢሶፍት አካውንት ይጠይቃልና እሱንም ቀድማችሁ ግቡ። ኢንተርኔት ሲመለስ ስቲም “የኮምፒውተሩን ነው ወይስ የክላውዱን (ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠውን) ሴቭ?” ብሎ ከጠየቀ ቀኑን አንብቡ፤ ኦፍላይን ስትጫወቱ ከርማችሁ ክላውዱን ብትመርጡ የሰነበታችሁበት ሁሉ ይጠፋል።

ውጭ ያለች እህቴ ልትገዛልኝ ትፈልጋለች። እንዴት ታድርግ?

ጌሙን ራሱን በስጦታ መላክ በአገሮች መካከል ትልቅ የዋጋ ልዩነት ካለ ይከለከላል፤ ስለዚህ የስቲም ዲጂታል ጊፍት ካርድ ይሻላል። መጀመሪያ ስቲም ላይ ጓደኛ ተባባሉ። ከሦስት ቀን በፊት ካርዱን መላክ አትችልም፤ “አልሠራም” የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ከ5 እስከ 100 ዶላር ባሉት መጠኖች ትመርጣለች፣ ገንዘቡ የእናንተ ዋሌት (የስቲም ሒሳብ) ውስጥ ይገባል። ለባላትሮና ለአኒማል ዌል አንድ ላይ 50 ዶላር ይበቃል፤ ቅናሽ ጠብቃችሁ ከገዛችሁ ዩኤፍኦ 50 ሊጨመርበት ይችላል።